ሞተሩን ስትሰጡን መፍቻውንም ስጡን

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ለመስክ ሠራተኞቻቸው ሞተር ሳይክል ለሚያስረክቡ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይ ለንብረት ክፍልና ለስምሪት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቃችሁ ነገር ብዙ ስላልሆነ ከመጀመሪያው ልናገረው። ለባለሙያ ሞተር ስታስረክቡ፣ ከፋብሪካው አብሮ የመጣውን የመፍቻ ቦርሳና መመሪያ መጽሐፉን አብራችሁ አስረክቡ። የእጅ መንፊያና የጎማ መለጠፊያ ጨምሩበት። ከዚያ አንድ ቀን መድቡና ሠራተኛው ሰንሰለት ማስተካከል፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) መፍታትና የአየር ማጣሪያ ማጽዳት ይማር። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀረው ለምን እንደምጠይቅ ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከጎንደር ወጥቶ ገጠር መግባት ነው። አንዳንዴ በአዘዞ በኩል ወደ ደንቢያ እወርዳለሁ፣ አንዳንዴ ወደ ማክሰኝት እሄዳለሁ፣ ሲያስፈልግ ወደ ወገራ እወጣለሁ። እንደ እኔ በሞተር የሚሠሩ የግብርና፣ የጤና፣ የውሃና የመሬት ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ጠዋት ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ያውቀናል። ከኋላችን ወይ የበረዶ ሳጥን ወይ የሰነድ ቦርሳ ታስሯል።

የበረዶ ሳጥኑን ነገር ላስረዳ። አብዛኛው የእንስሳት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት አለበት። በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለተወሰነ ሰዓት ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ ሲቆም በረዶው መቅለጡን አያቆምም። ወዲያ ማዶ ደግሞ ገበሬው ከብቱን ከግጦሽ ከልክሎ፣ ልጆቹን አስተባብሮ፣ በማለዳ ሰብስቦ ይጠብቃል። ሳልደርስ ከቀረሁ ክትባቱ ይበላሻል። ከክትባቱ የሚብሰው ግን የገበሬው ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ኑ» ስንለው ከብቱን አይሰበስብም። እውነቱን ነው፤ አንድ ቀን አስቁመነዋል።

ብዙ ጊዜ ሞተር የሚያቆመን ደግሞ ትልቅ ብልሽት አይደለም። የወለቀ ሰንሰለት ነው፣ የጠቆረ ካንዴላ ነው፣ የላላ የባትሪ ብሎን ነው፣ የተቃጠለ ፊውዝ ነው፣ እሾህ የበላው ጎማ ነው። በእጅ መፍቻ ካለ እዚያው መንገድ ዳር የሚያልቅ ሥራ። መፍቻ ከሌለ ግን ያው የሚጫን አይሱዙ መጠበቅ ነው።

መፍቻው የት ነው? ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብራው የምትመጣ ትንሽ ቦርሳ አለች። አንዳንዱ ላይ ከመቀመጫው ሥር፣ አንዳንዱ ላይ ከጎን ክዳኑ ውስጥ ናት። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት መፍቻ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ጫፉ የሚገለበጥ ካቻቢቴ፣ አልፎ አልፎም ፒንሳ ትይዛለች። ከሞተሩ ጋር ተገዝታለች፤ ዋጋዋ ተከፍሏል። ሞተሩ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ገቢ ሲሆን እሷም አብራ ትገባለች። በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ፣ ወጪ ሲሆን ግን የሚጻፈው «ሞተር ሳይክል፣ ብዛት 1» ብቻ ነው። ቦርሳዋ እንዳትጠፋ ተብሎ መጋዘን ትቀራለች። መጽሐፉም ፋይል ውስጥ ይታሰራል። እኔ የተረከብኩት ሞተር መቀመጫው ሲነሳ ባዶ ነበር። ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ንብረት ነው፣ ይጠፋል» የሚል ነበር።

የንብረት ሠራተኛው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጎደለ ዕቃ ሲገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። ግን ይህ ለገበሬ በሬ ሰጥቶ ቀንበሩን መጋዘን እንደመቆለፍ ነው። መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ሞዴል 22 ላይ ከሞተሩ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ መፍቻዎቹን በዓይነትና በቁጥር ጻፉና አስፈርሙን። ሠራተኛው ሲለቅ ከሞተሩ ጋር ቆጥሮ ይመልሳል። ከጠፋም ይከፍላል። ሚሊዮን ጊዜ የተሠራበት አሠራር ነው፤ ለጠረጴዛና ለወንበር የምታደርጉት ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የመስክ ሞተር ላይ እንደ እሱ የሚበደል የለም። ብዙዎቹ የመስክ ሞተሮች ላይ ሰንሰለቱ ሙሉ ሽፋን የለውም። በበጋ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ብረት ይሞርዳል። በክረምት የደንቢያ ዋልካ ጥርሱ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የረገበ ሰንሰለት ከጥርሱ ይዘላል፤ ሲብስበት ወልቆ የኋላ ጎማውን ቀርቅሮ ሰው ይጥላል። ሥራው ግን እንዲህ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ በመሐል ካባሌቶ (በመሐለኛው መቆሚያ እግር) ይቆማል። ሞተር እየሠራ ሰንሰለት መንካት ጣት ያስቆርጣል፤ ይህን ማንም አይርሳው። ከፊትና ከኋላ ጥርስ መሐል ላይ የታችኛውን ሰንሰለት በጣት ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ደህና ነው። የራሱ የሞተሩ ልክ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ያው መጽሐፉ ፋይል ውስጥ ነው እንጂ። ጎማውን እያዞሩ ሦስት አራት ቦታ ላይ መለካት ያስፈልጋል። ሰንሰለት ሲያረጅ እኩል አይረዝምም። ልኩ መያዝ ያለበት በጣም በጠበበበት ቦታ ላይ ነው። የረገበበትን ብቻ አይቶ ያጠበቀ ሰው የጠበበውን ከልክ በላይ ይወጥረዋል። የተወጠረ ሰንሰለት ደግሞ የኋላ ጎማውንና የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላል። ብዙ ሰው «ጠበቅ ቢል ይሻላል» ይላል። አይሻልም።

ልኩ ሲታወቅ የኋላ አክሰሉን ዳዶ ማላላት፣ ከዚያ በግራና በቀኝ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች እኩል እኩል ማዞር። ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ በሁለቱም በኩል የተጫሩ ምልክቶች አሉ። ሁለቱ ካልገጠሙ ጎማው ጠሞ ይሄዳል። ከዚያ ዳዶውን አጥብቆ ማሰር፤ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዝ ሽቦ) ካለው በአዲስ መመለስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ፍሬኑ በዘንግ የሚሳብ ከሆነ፣ ሰንሰለት ስናጠብቅ ጎማው ወደ ኋላ ስለሚሄድ የኋላ ፍሬኑም አብሮ ይጠብቃል። ፔዳሉ ሳይረገጥ ሸራው መታሸት ይጀምራል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ይግላል። ስለዚህ ሰንሰለት የነካ ሰው ፍሬኑንም አስተካክሎ፣ ጎማው በነጻ መዞሩን በእጁ አይቶ ነው መነሳት ያለበት።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ብሩሽ በነጭ ጋዝ ነክሮ ማሸት፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ የካምቢዮ ዘይት ከውስጥ በኩል እያዞሩ ማንጠብጠብ። ማታ ተሠርቶ ቢያድር ዘይቱ ይገባል። በቤንዚን ማጠብ ጥሩ አይደለም፤ እሳቱም አለ፣ የጎማ ማኅተም ያለውን ሰንሰለትም ይጎዳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም የተለመደ ነው፣ ግን በውስጡ የብረት ብናኝ አለ። ሰንሰለቱ በቅንጥብ የሚያያዝ ከሆነ የቅንጥቡ ድፍን ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። በተቃራኒው ከገባ ነካ ሲያደርገው ተፈናጥሮ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሥራ ለለመደ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው። የአክሰሉ ዳዶ ትልቅ ስለሆነ ቁጥሩ ቦርሳው ውስጥ ከሌለ አንድ መፍቻ መጨመር ነው።

የፋብሪካው ቦርሳ ለምን ብዬ እንደምሟገት ሌላም ምክንያት አለኝ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እስካሁን የሚነዱት የቆዩ የጃፓን ሞተሮች አሉ፤ ያማሃ፣ ሆንዳ፣ ሱዙኪ። የእነዚህ ባለመስቀል ብሎኖች አቆራረጣቸው የጃፓን ነው። ከሱቅ የምንገዛው ተራ ባለመስቀል ካቻቢቴ ገብቶ እስከ ታች አይቀመጥም። ሲጠመዘዝ እየተንሸራተተ ይወጣና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። አንዴ ከተላጠ በመሮና በማርቴሎ መደብደብ ይጀመራል፤ ከዚያ ክዳኑ ይሰነጠቃል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ካቻቢቴ ግን ለዚያው ብሎን የተሠራ ነው። መጋዘን የተቀመጠው እሱ ነው እንግዲህ።

ስለ ካንዴላና ስለ አገራችን ከፍታ ልንገራችሁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት። ወደ ጣና ዳር ስንወርድ ወደ 1,800 ሜትር እንጠጋለን፤ ወደ ደባርቅ ስንወጣ 2,850 አካባቢ እንደርሳለን። በጎንደር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል፤ አየሩ ግን አንሷል። ያልተቃጠለው ጥቀርሻ ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀራል። ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጠዋት እንቢ ይላል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል። ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ እናንተም ታውቃላችሁ።

ካንዴላ የሞተሩን ጤና ይናገራል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መጀመሪያ ዙሪያውን አቧራ መጥረግ ነው፤ አለዚያ ሲፈታ ጠጠሩ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፈትቶ ጫፉን ማየት። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ካለው ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶ እየጋለ ነው። እርጥብ ጥቁር ዘይት ካለው የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ሳያልቅ አይቀርም፤ ያ የጋራዥ ሥራ ነው። ሲመለስ በመፍቻ አይጀመርም። በጣት እያዞሩ እስከሚቆም ማስገባት፣ ከዚያ ብቻ በመፍቻ ማጥበቅ። የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ የቶርኖ ቤት ሥራ ይሆናል። ካርቡራተሩን ለከፍታችን ማስተካከል ግን ለሠለጠነ መካኒክ መተው ነው። እኛ መለየት ብንችል ይበቃናል፤ «አልነሳ አለኝ» ከማለት «ካንዴላው ደረቅ ጥቁር ሆኗል» ማለት ለመካኒኩም ግማሽ ሥራ ነው።

የአየር ማጣሪያው ነገር አጭር ነው። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ትንሽ ዘይት ነክቶት፣ ተጨምቆ ይመለሳል። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ አራግፎ ማየት፣ ካረጀ መቀየር። በበጋ አቧራ ማጣሪያ ሳያጸዱ ወራት መንዳት ፒስተንና ሲሊንደሩን አሸዋ ማብላት ነው።

እነዚህን ትንንሽ ነገሮች ስንተው የሚመጣው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአንድ ካንዴላ ማመልከቻ ይጻፋል። ስምሪት ያጸድቃል። ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ ያስሰበስባል። ፒያሳ ወርደን ሱቅ ለሱቅ እንዞራለን። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ይቆማል። ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይደርቃል። አንድ ካንዴላ፣ አንድ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ)፣ አንድ የፍሪሲዮን ገመድና ጥቂት ፊውዝ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ሞተር ቢሰጥ ይህ ሁሉ ወረቀት አይኖርም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

«ሠራተኛው ነካክቶ ያበላሸዋል» የሚል ስጋት አለ፤ ተገቢ ነው። ስለዚህ ወሰን አብጁለት። ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ገመዶች፣ የሞተር ዘይት መጠን ማየት የነጂው ይሁን። ሞተር መክፈት፣ ቫልቭ ማስተካከል፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የዘይት ፍሬን የመካኒክ ይሁን። ዋስትናው ያላለቀ አዲስ ሞተርም የመጀመሪያ ሰርቪሶቹን ሻጩ ዘንድ ያድርግ። እያንዳንዱ ሞተር ደግሞ አንድ ደብተር ይኑረው፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ ፊርማ። ደብተሩን እያያችሁ ማን እንደሚንከባከብ ማን እንደማይንከባከብ ታውቃላችሁ።

የጋራዥ ልጆች እንጀራቸው የሚነካ እንዳይመስላቸው። የጎንደር መካኒኮች እጃቸው የተባረከ ነው፤ ብዙዎቹ ከልጅነታቸው በዘይት ያደጉ ናቸው። እነሱ የሚፈልጉት ሰንሰለት ማጥበቅ አይደለም፣ ሞተር መሥራት ነው። እንዲያውም ሥልጠናውን እነሱ ቢሰጡ ደስ ይለኛል። ከከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አንድ መምህር፣ ከጋራዥ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ግቢ። ሰው በጆሮው ብቻ ሰምቶ አይሂድ፤ የራሱን ሞተር ይዞ መጥቶ በራሱ እጅ ፈትቶ ይመልስ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍም በአማርኛ በሁለት ገጽ ይጻፍ፤ የዘይቱ ዓይነት፣ የሰንሰለቱ ልክ፣ የጎማው ንፋስ ብቸኛ ሲሆኑና ሰው ሲጭኑ፣ የካንዴላው ቁጥር። ፕላስቲክ አልብሳችሁ መቀመጫው ሥር ለጥፉት።

ሴት ባልደረቦቻችንንም አስቡ። ብቻዋን ገጠር የምትገባ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ ሞተሯ ሲቆም ከማያውቁት ሰው እርዳታ ለመለመን ትገደዳለች። መሽቶ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንፊያና መለጠፊያ ለእሷ የደኅንነት ዕቃ ነው። ሥልጠናው ላይ ወንዱ ሲፈታ ቆማ እንድታይ አታድርጓት፤ መፍቻው በእጇ ይግባ።

አንድ ነገር ጨርሼ ልለፍ፣ ስለ ተቃጠለው ዘይት። አንድ ትንሽ ሞተር በአንድ ቅየራ አንድ ሊትር አካባቢ ያወጣል። ያ ዘይት ቱቦ ውስጥ ሲደፋ ወንዝ ይገባል። የአንገረብ ግድብ የምንጠጣው ውሃ ነው፤ ቀሃም በከተማችን መሐል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ክዳን ያለው አንድ በርሜል አስቀምጡ። ሲሞላ የሚረከብ አካል ማፈላለግ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ይሁን፤ ለነጂው አትተዉት።

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የግዢ ፍላጎታችሁን ስትሞሉ ለእያንዳንዱ ሞተር ይህን ጨምሩልን፤ የእጅ መንፊያ፣ የጎማ መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ ጎማ ማውለቂያ ሁለት ብረት፣ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ አንድ ካንዴላ፣ ናስትሮ፣ ፊውዝ፣ ለአክሰሉ የሚሆን መፍቻ። መጋዘን ያሉትን ቦርሳዎች ለማውጣት ግን በጀት አያስፈልግም፤ ዛሬም ይቻላል። የትኛው ቦርሳ ለየትኛው ሞተር እንደሆነ ካልታወቀ የመፍቻዎቹን ቁጥር ከሞተሩ ብሎኖች ጋር ማስተያየት ይበቃል። ለዚህ ሥራ ሰው ካነሳችሁ በትርፍ ሰዓቴ መጥቼ አብሬ እለያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ጎንደር